የዕብራይስጥ ስሞች ምን ይናገራሉ?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። ዛሬ በአዲስ አበባ መዋዕለ ሕፃናት ደጃፍ ቆሞ የሚሰማ ሰው ናትናኤል፣ ዮናታን፣ አቤኔዘር ሲባል ይሰማል። ወላጆችም «ትርጉሙ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለምደውታል።

ብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስሞች በአንድ ቃል የታጠሩ አጭር ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። «ኤል» አምላክ ማለት ነው። ስለዚህ ዳንኤል «አምላክ ዳኛዬ ነው»፣ ሚካኤል ደግሞ «እንደ አምላክ ያለ ማን ነው?» ማለት ይሆናል። «ዮ» እና «ያህ» ያህዌ የሚለው የእግዚአብሔር ስም አጫጭር መልኮች ናቸው። «ያህ» በግሪክኛ በኩል ወደ እኛ ሲደርስ «ያስ» ሆኗል፤ ዘካርያስ «ያህዌ አሰበ»፣ ኤልያስ «አምላኬ ያህዌ ነው» ማለት ነው። ናትናኤል «አምላክ ሰጠ»፣ ዮናታን «ያህዌ ሰጠ» ስለሚሉ መልእክታቸው አንድ ነው። በ«ዮ» የጀመረ ስም ሁሉ ግን የያህዌን ስም አልያዘም። ዮናስ «ርግብ»፣ ዮሴፍ «ይጨምር» ማለት ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ስም ከሕይወት ጋር ይለወጣል። ራሔል በምጥ ልትሞት ስትል ልጇን ቤንኦኒ (የኀዘኔ ልጅ) አለችው፤ አባቱ ያዕቆብ ግን ብንያም (የቀኝ እጅ ልጅ) አለው። ባሏንና ሁለት ልጆቿን ያጣችው ኑኃሚን «ማራ በሉኝ» ማለቷም ኑሮዋ ስለመረራት ነው። በአይሁድ ልማድ በጠና ለታመመ ሰው ሐይም (ሕይወት) የሚል ስም የሚጨመርለትም ፍርዱ ይለወጥለት ዘንድ ነው።

ስም እምነትን ከተሸከመ ስም መለወጥ ቀላል ነገር አይደለም። በባቢሎን ዳንኤል ብልጣሶር፣ አናንያ ሲድራቅ፣ ሚሳኤል ሚሳቅ፣ አዛርያ አብደናጎ ተባሉ። በአራቱም የቀድሞ ስሞች ውስጥ «ኤል» ወይም «ያህ» ነበር፤ በአዲሶቹ ግን የለም።

ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ በሠራተኞችና በመምህራን የዕብራይስጥ ስም ወጥቶላቸዋል። ዓላማው ከአገሩ ጋር ማላመድ ቢሆንም፣ በወላጅ የወጣው ስም ወደ ጓዳ ገባ። ከዓመታት በኋላ ወደ አማርኛ ስማቸው የተመለሱም አሉ። ደግሞስ ልጁን «ስጦታው» ያለ አባትና «ናትናኤል» ያለ አባት ያቀረቡት ምስጋና አንድ አይደለምን?