ኬሮ፦ ስሟ ዋጋ ሰንጠረዥ ላይ የቀረ የወንዝ ዳር ከተማ

በአሜሪካ ወንዞች ላይ እህል የሚያንቀሳቅሱ ነጋዴዎችና ደላሎች በየሳምንቱ የሚመለከቱት አንድ ሰንጠረዥ አለ። የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር የሚያወጣው ይኸው ሰንጠረዥ አንድ ቶን እህል በባርጅ ወደ ኒው ኦርሊንስ አካባቢ ለማውረድ የሚጠየቀውን ኪራይ ያሳያል። ባርጅ ማለት የራሱ ሞተር የሌለው፣ በገፊ ጀልባ የሚንቀሳቀስ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ ነው። ኪራዩ የሚጠራው በመቶኛ ሲሆን፣ መነሻው በ1976 የነበረው ታሪፍ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሰንጠረዡ መስመሮች አንዱ «ኬሮ - ሜምፊስ» ይባላል። የዚህ መስመር መነሻ ታሪፍ በቶን 3 ዶላር ከ14 ሳንቲም ስለሆነ፣ ዋጋው 300 በመቶ ነው ሲባል ነጋዴው በቶን 9 ዶላር ከ42 ሳንቲም ይከፍላል ማለት ነው።

ኬሮ በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ስሟ ሳይጠራ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ከተማዋን ራሷን ለማየት የሚሄድ ሰው ግን የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። በ1920 የሕዝብ ቆጠራ 15,203 የነበረው ነዋሪዋ በ2020 ቆጠራ 1,733 ሆኗል። በመቶ ዓመት ውስጥ ከዘጠኝ ሰው የቀረው አንድ ያህል ብቻ ነው።

ስሟ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው እንደ ግብፅ ዋና ከተማ ነው። ነዋሪዎቿ ግን «ካይሮ» አይሏትም፤ «ኬሮ» ነው የሚሏት። የምትገኘው በኢሊኖይ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ፣ ኦሃዮና ሚሲሲፒ የሚባሉት ሁለት ታላላቅ ወንዞች በሚገናኙበት የመሬት ምላስ ላይ ነው። ካርታ ዘርግቶ ይህን ቦታ ያየ ሁሉ «እዚህ ጋ ትልቅ ገበያ መቆም አለበት» ማለቱ አይቀርም። የከተማዋ ታሪክም በአብዛኛው እንዲህ ብለው ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች ታሪክ ነው።

የመጀመሪያዎቹ በ1818 «የኬሮ ከተማና ባንክ» ለሚባል ድርጅት ፈቃድ ያወጡ ባለሀብቶች ነበሩ። ከተማው ሳይኖር ባንኩ መቅደሙ ልብ ይባላል። ዋናው ጠንሳሽ ብዙም ሳይቆይ ስለሞተ ነገሩ በወረቀት ቀረ። በ1837 ዳሪየስ ሆልብሩክ የተባለ ነጋዴ የኬሮ ከተማና ቦይ ኩባንያን አቋቁሞ በለንደን ገበያ የዕዳ ሰነድ መሸጥ ጀመረ። በገንዘቡ የጎርፍ መከላከያ ግድብ፣ መጋዘንና ቤቶች ተሠሩ። በ1840 ግን ሰነዱን ይሸጥ የነበረው የለንደን ባንክ ቤት ከሰረ፤ ሥራው ቆመ፤ ነዋሪውም ከ200 በታች እስኪሆን ተበተነ። በ1842 በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊ ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ያየው ረግረግና በሽታ ብቻ ስለነበር ቦታውን አምርሮ ጽፎበታል።

ኬሮን በእውነት ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። ኢሊኖይ ሴንትራል የተባለው የባቡር ኩባንያ በ1851 ፈቃድ አግኝቶ በ1850ዎቹ አጋማሽ ሐዲዱን ከተማዋ ድረስ አደረሰ። ከደቡብ በእንፋሎት መርከብ የሚመጣው ጥጥና ስኳር እዚህ እየተራገፈ በባቡር ወደ ቺካጎ መጫን ጀመረ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ደግሞ ጄኔራል ዩሊሲስ ግራንት በ1861 ጠቅላይ ሠፈሩን በከተማዋ አድርጎ ነበር። ወታደር ባለበት ስንቅ አለ፤ ስንቅ ባለበትም ነጋዴ አይጠፋም። በ1860 2,188 የነበረው ሕዝብ በ1870 ወደ 6,267 ከፍ አለ። በ1872 የተጠናቀቀው ባለ ድንጋይ የጉምሩክ ሕንፃ እስከ ዛሬ ቆሞ ይገኛል፤ አሁን ሙዚየም ነው።

እዚህ ላይ የከተማዋ ገቢ ከየት ይመጣ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። ኬሮ ብዙ የምታመርት ከተማ አልነበረችም። ዋናው እንጀራዋ የጭነት መቋረጥ ነበር። ባቡሩ ወንዙ ዳር ሲደርስ ይቆማል፤ ፉርጎዎቹ በማሻገሪያ ጀልባ ላይ ተጭነው ኦሃዮን ይሻገራሉ። በዚህ መካከል ወዛደሩ ያወርዳል ይጭናል፣ መጋዘኑ ያከራያል፣ መንገደኛው ሆቴል ያድራል፣ ደላላው ኮሚሽኑን ይቆርጣል። ወንዙ ለተጓዡ እንቅፋት ሲሆን ለከተማዋ ግን ኬላ ነበር።

እንቅፋቱ የተነሣው በአንድ ቀን አይደለም። በ1889 ኢሊኖይ ሴንትራል በኦሃዮ ላይ የባቡር ድልድይ ሠራ። በ1905 ደግሞ ከኬሮ በስተሰሜን፣ ቴብስ በተባለ ቦታ፣ በሚሲሲፒ ላይ ሌላ የባቡር ድልድይ ተከፍቶ ጭነቱ ከተማዋን ሳይነካ ማለፍ ጀመረ። የመኪና ድልድዮቹ ተከተሉ፤ በ1929 በሚሲሲፒ ላይ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ በኦሃዮ ላይ። በየምረቃው ሪባን ሲቆረጥ ያጨበጨበው የከተማው ነጋዴ ምን እየተቆረጠበት እንደሆነ የተረዳው ዘግይቶ ይመስላል። በመጨረሻም በ1978 የኢንተርስቴት 57 አውራ ጎዳና ድልድይ ተከፈተ፤ ከቺካጎ ወደ ደቡብ የሚወርደው መኪና ዳር ዳሩን ብሎ አለፈ።

ይሁን እንጂ ነገሩን ሁሉ በድልድይ ማሳበብ ስሕተት ነው። በ1940 የሕዝቡ ቁጥር ገና 14,407 ነበር። በ1960 9,348፣ በ1970 ደግሞ 6,277 ሆነ። በአሥር ዓመት ብቻ ሲሦው ሲሄድ የትራንስፖርት ለውጥ ብቻውን ሊያስረዳው አይችልም። ሌላው ምክንያት የነጮችና የጥቁሮች ጠብ ነው።

ጠቡ የቆየ ነው። በ1909 ብዙ ሺሕ ሰው እያየ ዊልያም ጄምስ የተባለ ጥቁር ያለ ፍርድ ተገድሎባታል። በ1960ዎቹ ከነዋሪው ከሲሦ በላይ የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ። ከሱቆቹ ዕቃ ይገዛሉ፤ በሱቆቹ ተቀጥረው መሥራት ግን የሚፈቀድላቸው ከስንት አንድ ነበር። በ1967 ሮበርት ሀንት የተባለ የ19 ዓመት ጥቁር ወታደር በፖሊስ እጅ ሳለ ሞተ። ፖሊስ ራሱን ሰቀለ ቢልም የጥቁሩ ማኅበረሰብ አላመነም፤ ረብሻ ተነሣ። የታጠቁ ነጮች ቡድን አቋቋሙ፤ ሌሊት ሌሊት ተኩስ ይሰማ ጀመር። በ1969 የጥቁሮቹ ድርጅት የኬሮ ኅብረት ግንባር በነጭ ነጋዴዎች ሱቆች ላይ የሸመታ አድማ ጠራ። ዋናው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ «የምትሸጡልንን ያህል ቅጠሩን» የሚል ነው።

የነጋዴው መልስ ለገበያ ሰው የሚገርም ነው። ብዙዎቹ ጥቁር ሠራተኛ ከመቅጠር ሱቃቸውን መዝጋት መረጡ። አድማው ዓመታት ቆየ፤ ኮሜርሺያል አቬኑ የተባለው ዋናው የንግድ መንገድ በር በበሩ ጨለመ። ትርፍና ኪሳራን ብቻ የሚያሰላ ነጋዴ ቢሆን አንድ ሻጭ ቀጥሮ ሲሦውን ደንበኛ ያስቀር ነበር። እነዚህ ግን ሒሳቡን የሠሩት በሌላ መዝገብ ነው። ሱቁን የዘጋው ነጋዴ ቤቱን ሸጦ ወጣ፤ ግብሩ ቀነሰ፤ ግብር ሲቀንስ አገልግሎቱ ደከመ፤ በ1986 ሆስፒታሉ ተዘጋ።

የመጨረሻው ከባድ ምት የመጣው ከቤት ጋር ተያይዞ ነው። የሕዝብ መኖሪያ ቤቶችን የሚያስተዳድረው የአካባቢው መሥሪያ ቤት አያያዙ ስለተበላሸ በ2016 የፌዴራሉ መንግሥት ተረከበው። በ2017 ኤልምዉድና ማክብራይድ የተባሉት ሁለት መንደሮች ሊጠገኑ እንደማይችሉ ተነገረ። ወደ 400 የሚጠጉ ነዋሪዎች ሌላ ቤት የሚከራዩበት የመንግሥት ድጎማ ተሰጣቸው። በከተማዋ ውስጥ ግን የሚከራይ ቤት እንደልብ ስላልነበረ አብዛኞቹ ድጎማቸውን ይዘው ሌላ ቦታ ሄዱ። በ2010 2,831 የነበረው ሕዝብ በ2020 ወደ 1,733 የወረደው አንድም በዚህ ነው። ምግብ የሚሸጥ ትልቅ መደብር እንኳ ጠፍቶ ኖሮ፣ በ2023 ነዋሪዎች በኅብረት ሥራ መልክ አንድ ሱቅ ከፈቱ።

ያም ሆኖ ወንዙ ሥራውን አላቆመም። በኦሃዮ ላይ በመርከብ ማለፊያ በሮቹ ስፋት ምክንያት አንድ ገፊ ጀልባ በተለምዶ 15 ባርጅ ይነዳል፤ አንዱ ባርጅ 1,500 ቶን ያህል ይይዛል። ከኬሮ በታች እስከ ባሕር ድረስ በር ስለሌለ 30 ወይም ከዚያ በላይ ባርጅ በአንድ ይታሰራል። ስለዚህ በኬሮ ዙሪያ ጭነት ይፈታል፣ ይታሰራል፣ ተራ ይጠብቃል። የፌዴራሉ መንግሥትም ከከተማዋ ትንሽ ከፍ ብሎ ኦልምስቴድ በተባለ ቦታ በ3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አዲስ ግድብና ማለፊያ በር ሠርቶ በ2018 መርቋል። በ1988 ሲፈቀድ የተገመተው ወጪ 775 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጀልባውን የሚያስረውና የሚፈታው ሠራተኛ ግን ያለው ወንዙ ላይ ነው፤ ወደ ከተማ ወጥቶ ደመወዙን አያጠፋም።

ወንዙ ራሱም ስጋት ነው። በግንቦት 2011 ውኃው በኬሮ መለኪያ ላይ 61.72 ጫማ ደርሶ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ከፍታ ላይ ሲወጣ፣ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ማዶ በሚዙሪ በኩል ያለውን ግድብ በፈንጂ አፍርሰው ውኃውን በ130,000 ኤክር መሬት ላይ ለቀቁት። የሚዙሪ ግዛት ገበሬው ለምን ይጎዳል ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢሄድም አልተሳካለትም። ከተማዋ ተረፈች።

አሁን ደግሞ አዲስ ዕቅድ አለ። በ2020 የኢሊኖይ ግዛት በኬሮ የወንዝ ወደብ ለማቋቋም 40 ሚሊዮን ዶላር መመደቡን አስታወቀ። የዕቅዱ አቅራቢዎች የሚያነሡት ምክንያት በ1818ና በ1837 ከተነሣው ብዙም አይለይም፤ ሁለት ወንዞች ይገናኛሉ፣ ሐዲድና አውራ ጎዳና አለ። ልዩነቱ የዛሬው ዕቅድ ኮንቴይነር ከወንዝ ጀልባ ላይ ወርዶ ወደ ባቡርና ወደ መኪና እንዲዛወር ማሰቡ ነው፤ ማለትም ጭነቱ እንደገና እዚያ እንዲቆም። ገንዘብ ሊያገባ የሚያስብ ባለሀብት ግን ከመርከቡ ብዛት በፊት ሌላ ነገር መጠየቁ አይቀርም። ኤልምዉድና ማክብራይድ ፈርሰዋል፤ ወደቡ የሚቀጥራቸው ሠራተኞች የሚያድሩት የት ነው?