ስላቫ፦ ከአባት የሚወረስ በዓል

ስላቫ የሰርቢያ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰብ ጠባቂዬ የሚለውን ቅዱስ በዓመት አንድ ጊዜ የሚዘክርበት በዓል ነው። ገናና ፋሲካ የምእመናን ሁሉ ናቸው፤ ስላቫ ግን የአንድ ቤት ነው። በአንድ መንደር ውስጥ አንዱ ቤት ቅዱስ ኒቆላዎስን፣ ጎረቤቱ ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ ከዚያ ማዶ ያለው ደግሞ መጥምቁ ዮሐንስን ሊያከብር ይችላል።

ቅዱሱን ማንም በፈቃዱ አይመርጠውም፤ በአባት በኩል ይወረሳል። ወንድ ልጅ በአባቱ ቤት እስካለ ድረስ ከቤተሰቡ ጋር ያከብራል። ጎጆ ሲወጣ የራሱን ማዕድ ያዘጋጃል፤ ቅዱሱ ግን ያው የአባቱ ነው። ሴት ልጅ እንደ ልማዱ ስታገባ የባሏን ቤት ስላቫ ትይዛለች። በዚህ የተነሳ የአንድ ዘር ሐረግ በየአገሩ ቢበተንም ቀኑ አንድ ያደርገዋል። በድሮው ዘመን በአንዳንድ አካባቢዎች ተመሳሳይ ስላቫ ያላቸው ቤተሰቦች እንደ ዘመድ ስለሚቆጠሩ እርስ በርስ አይጋቡም ነበር።

ስለ አጀማመሩ ሊቃውንት አንድ ቃል የላቸውም። ቤተሰቡ ክርስትና የተነሳበት ዕለት መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ሰርቦች ከመጠመቃቸው በፊት ለቤት ጠባቂ መንፈስና ለሙታን አያቶች ያቀርቡት የነበረው አምልኮ በቅዱስ ስም ተተክቶ የቀጠለ ነው ይላሉ። በበዓሉ የሞቱ የቤተሰቡ አባላት ሁሉ በጸሎት መታሰባቸው ለሁለተኛው አስተያየት ክብደት ይሰጠዋል።

ዝክርና ማኅበር ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ልዩነቱ ዝክር በየወሩ ወይም በየዓመቱ በስእለትና በግል ፈቃድ ሊያዝ ሲችል ስላቫ በትውልድ መተላለፉ ነው። የሰርቢያ ቤተ ክርስቲያን የምትከተለው የዩልዮስን የዘመን አቆጣጠር በመሆኑ አንዳንድ ቀኖችም ይገጥማሉ። ብዙ ቤተሰቦች የሚያከብሩት የመላእክት አለቃ ሚካኤል ስላቫ ኅዳር 21 ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይውላል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከኢትዮጵያው የኅዳር 12 ሚካኤል ጋር አንድ ቀን ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከበዓሉ ቀደም ብሎ ነው። የአጥቢያው ቄስ ወደ ቤቱ መጥቶ ውኃ ይባርካል፤ የስላቫው ዳቦም በዚሁ ጸበል ይቦካል። ዳቦው ኮላች ይባላል። ክብ ነው፤ ላዩ ላይ ከሊጥ የተሠራ መስቀል፣ ርግብ፣ የወይን ዘለላና የስንዴ ዛላ ይደረግበታል፤ የክርስቶስ ስም ያለበት ማኅተምም ያርፍበታል። ሁለተኛው ዋና ነገር ኮልይቮ ነው፤ ተቀቅሎ የተፈጨ ስንዴ ከስኳርና ከተወቀጠ ዋልነት ጋር ይለወስና በመስቀል ምልክት ያጌጣል። ስንዴው የትንሣኤ ምሳሌና የሙታን መታሰቢያ ነው። ቅዱስ ሚካኤልን የሚያከብሩ አንዳንድ ቤቶች መልአክ ሞት አያውቅም በማለት ስንዴውን አያዘጋጁም፤ ካህናቱ ግን ስንዴው ለቤተሰቡ ሙታንም ነውና ይቅረብ ይላሉ። ቀይ ወይን፣ ትልቅ የሰም ሻማና የቅዱሱ ሥዕል ሲጨመሩ ማዕዱ ይሟላል።

የሥርዓቱ ልብ የዳቦው መቆረስ ነው። ቤተሰቡ ዳቦውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስደዋል፣ ወይም ቄሱ ወደ ቤት ይመጣል። ሻማው ይለኮሳል፣ ጸሎት ይደርሳል፤ ዳቦው በመስቀል ቅርጽ ይሰነጠቅና ወይን ይፈስበታል። ከዚያ ቄሱ፣ አባወራውና የቤቱ ሰዎች ዙሪያውን ይዘው እየዘመሩ ያዞሩታል፤ በመጨረሻም በጋራ ይቆርሱታል። ሕፃን ልጅ ሳይቀር እጁን ያሳርፍበታል፤ ስላቫ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገረው ከማንኛውም ትምህርት ይልቅ በዚህች ቅጽበት ነው ማለት ይቻላል።

በልማዱ መሠረት ለስላቫ ሰው አይጠራም። ቀኑን የሚያውቅ ዘመድና ወዳጅ ሳይጋበዝ ይመጣል፤ በሩ ላይ «ስሬችና ስላቫ» ብሎ መልካም በዓል ይመኛል። እንደገባ አማትቦ ከስንዴው አንድ ማንኪያ ይቀምሳል። በጥንቱ ሥርዓት አባወራው በዚያ ቀን ከእንግዶቹ ጋር አይቀመጥም፤ ቆሞ ያስተናግዳል።

ምግቡን የሚወስነው የጾም ሥርዓት ነው። የፍስክ ስላቫ ከሆነ የአሳማ ጥብስና ሳርማ ይቀርባል፤ ሳርማ የተፈጨ ሥጋና ሩዝ በኮመጠጠ የጥቅል ጎመን ቅጠል ተጠቅልሎ በዝግታ የሚበስል ወጥ ነው። በብዛት የሚከበረው የቅዱስ ኒቆላዎስ ስላቫ ግን ታኅሣሥ 19 ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚውል ሁልጊዜ በገና ጾም ውስጥ ነው። በዚያን ዕለት ሥጋና ወተት የለም፤ ዓሣ፣ በሽንኩርት ተቀቅሎ በምድጃ የተጋገረ ቦሎቄና ያለ ሥጋ የተሠራ ሳርማ ይበላል። ከፕለም ፍሬ የሚወጣው ሽልዮቪትሳ የተባለ አረቄ በሁለቱም ይቀርባል። በቅዱስ ኒቆላዎስ ቀን ግማሹ ሰርብ ያከብራል፣ ግማሹ እንግዳ ሆኖ ይሄዳል ይባላል።

ጠባቂ ቅዱስ ያለው ቤተሰብ ብቻ አይደለም። መንደሮች የራሳቸው በዓል አላቸው፤ ሕዝቡ መስቀልና ሥዕል ይዞ በማሳዎቹ መካከል ይዞርና መስቀል የተቀረጸበት፣ ብዙውን ጊዜ ባሉጥ የሆነ ዛፍ ሥር ይጸልያል። ያንን ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው። ትምህርት ቤቶች ጥር 27 ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቅዱስ ሳቫን ያከብራሉ፤ ዋና ከተማዋ ቤልግሬድ ደግሞ የዕርገትን በዓል የራሷ ስላቫ አድርጋ በጎዳናዎቿ ዑደት ታደርጋለች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነገሠው የኮሚኒስት ሥርዓት የፓርቲ አባላትና ሹማምንት በግልጽ ከማክበር ይታቀቡ ነበር፤ በብዙ ቤቶች ግን መጋረጃው ተዘግቶም ቢሆን ሻማው መብራቱን አላቋረጠም። ዩኔስኮ ስላቫን እ.ኤ.አ. በ2014 በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ዛሬ የሰርቢያ ሕግ ለኦርቶዶክስ ሠራተኞች የቤተሰባቸው ስላቫ በሚውልበት ቀን ከሥራ የመቅረት መብት ይሰጣል።