ሁለት የድመት ግልገሎችን በአንድነት ስለ ማሳደግ

በአየር ጤና ሠፈራችን ድመት የሚፈለገው በአብዛኛው ለአይጥ ነው። እኛም ባለፈው ዓመት አንዲት የአንድ ወር ግልገል ብቻዋን ወደ ቤታችን ያመጣነው ለዚሁ ነበር። ግልገሏ ሦስት ሌሊት ያለ ማቋረጥ ስትጮኽ አደረች። ከፍ ካለች በኋላም በጨዋታ መካከል የልጆችን እጅ እስኪደማ ትነክስ ነበር፤ በመጨረሻም አጥር ዘልላ እንደ ወጣች ቀረች። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእርሷ አልነበረም። ዘንድሮ የጎረቤታችን ድመት በማገዶ ቤት ውስጥ አራት በወለደች ጊዜ ባለቤቷ የሆኑት አዛውንት «ልጆቼ፣ አንዷ ብቻዋን ታለቅሳለች፤ ሁለት አድርጋችሁ ውሰዱ» አሉን። ምክራቸው ትክክል ነው። ለመሆኑ ትክክል የሆነው ለምንድን ነው? የትኞቹንስ ሁለት መምረጥ ይገባል?

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው የቤት ድመት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ነው፤ የዚሁ ዝርያ የዱር ድመት በአገራችንም ይኖራል። ይህ እንስሳ ብቻውን የሚያድንና ክልሉን የሚያስከብር በመሆኑ፣ የማይተዋወቁ ሁለት ትልልቅ ድመቶችን በአንድ ቤት ማገናኘት ብዙ ጊዜ ጠብ ያስከትላል። በግልገልነት ግን ሁኔታው የተለየ ነው። ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ግልገሎች አብሯቸው ያለውን ፍጡር፣ ድመትም ይሁን ሰው፣ ሳይፈሩ መቀበልን ይማራሉ። ንክሻን መመጠንም የሚማሩት እርስ በርስ ሲጫወቱ ነው፤ አንዱ አጥብቆ ሲነክስ ሌላው ይጮኻል፣ ጨዋታውም ይቋረጣል። እኛ ያችን ግልገል ከእናቷ የነጠልናት ይህን ትምህርት ሳትጨርስ ነበር።

የፊዚክስ ሰዎች ነንና ስለ ሙቀትም ሳናነሳ አናልፍም። እንስሳ ሙቀት የሚያመነጨው በመላ አካሉ ሲሆን የሚያጣው ግን በአመዛኙ በቆዳው በኩል ነው። 800 ግራም የምትመዝን ግልገል ከ4 ኪሎ ግራም ድመት ጋር ስትነጻጸር፣ ለእያንዳንዱ ግራም ክብደቷ የሚደርሰው የቆዳ ስፋት 1.7 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ይህ ቁጥር የ5 ኩብ ሥር ነው። የድመት የሰውነት ሙቀት 38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ግን ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። አሁን ሁለት ግልገሎችን እንደ ሁለት እኩል ኩቦች እንቁጠራቸው (ድመት ኩብ አለመሆኗን አንባቢ ይታገሰን)። ለየብቻ ሲሆኑ 12 ገጾች ለብርድ ይጋለጣሉ፤ ሲጣበቁ ግን 10 ብቻ ይቀራሉ። ስለዚህ የተጋለጠው ስፋት በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። ያች ግልገል ከናፍቆቱ ሌላ ብርዱም ሳይጎዳት አልቀረም።

ወደ ምርጫው እንመለስ። ከሁሉ በፊት ዕድሜን በወሬ ሳይሆን በዓይን ማረጋገጥ ይገባል። የግልገል ዓይን ሲገለጥ ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ መለወጥ የሚጀምረው ከስድስተኛው ሳምንት ወዲህ ነው። 26ቱ የወተት ጥርሶች ወጥተው የሚያልቁት ደግሞ በስምንተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ከእናት መነጠል የለባቸውም። ከተቻለ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች፣ ያውም አብረው ሲጫወቱና ተቃቅፈው ሲተኙ የሚታዩት ይሁኑ።

ጾታን በተመለከተ አንዳንዶች ወንድና ሴት «ጥንድ» ያምራል ይላሉ። ይሁን እንጂ ሴቷ ከአራተኛው ወር ጀምሮ ልትፀንስ ትችላለች፤ ወንድሟ መሆኑም አያግደውም። እርግዝናው ዘጠኝ ሳምንት ያህል ነው። ሁለቱም ሴቶች ቢሆኑ እንኳ የሠፈሩ ወንድ ድመት አጥር መዝለሉ አይቀርምና፣ በእንስሳት ሐኪም ማስመከን ግድ ነው ባዮች ነን። ሦስት ወር ሲሞላቸውም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልጋቸዋል። ጾታን ለመለየት ቀለምም ይረዳል፦ የብርቱካንማ ቀለም ዘረመል በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ፣ ጥቁርና ብርቱካንማ የተቀላቀለባት ግልገል ሁልጊዜ ለማለት በሚያስችል ደረጃ ሴት ናት።

እኛ ከመረጥናቸው አንዷ እንዲህ ያለችው ዝንጉርጉር ናት፤ ሌላይቱ ግራጫ እህቷ ናት። ዓይናቸው ገና ሰማያዊ ስለሆነ አላመጣናቸውም። እስከዚያው ልጆቻችን ማታ ማታ ወደ ማገዶ ቤቱ ሄደው ያቅፏቸዋል፤ ሲመለሱም እጃቸውም ልብሳቸውም በከሰል ጠቁሮ ነው።