ነፋስ ከኋላ ሲመጣ፦ ስፒናከርን መያዝና ማዞር

በዳባትና በደባርቅ አውድማ ላይ ገብሱን ከገለባው የሚለይ ገበሬ ነፋስን አያዝዝም። የሚችለው በየት በኩል እንደሚቆም መምረጥ፣ ነፋሱ ሲበረታም መንሹን ማስቀመጥ ነው። ስፒናከር የሚባለውን ሸራ የሚይዝ ባሕረተኛም ከዚህ የበለጠ ሥልጣን የለውም። ስፒናከር ከቀጭን ናይለን የተሰፋ፣ በጀልባው ፊት ተነፍቶ የሚቆም ሰፊ ሸራ ሲሆን፣ ዋና አገልግሎቱ ነፋሱ ከኋላ ወይም ከኋላ ጎን ሲመጣ ነው። ከኋላ የሚገፋ ነፋስ ጉዞውን የሚያቀልል ይመስላል። ሁለትና ሦስት ሰው ለሚነዳት የጉዞ ጀልባ ግን ብዙ ጥንቃቄ የሚሻው ይኸው ሰዓት ነው። መፍትሔውም ሸራውን በጉልበት ይዞ መታገል ሳይሆን፣ አቅጣጫ ከመቀየር በፊት አቅሙን መንሣት ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ ቀላል ስሌት ነው። ነፋሱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ቢነፍስና ጀልባዋ በዚያው አቅጣጫ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብትጓዝ፣ ሸራው ላይ የሚያርፈው ነፋስ 14 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ጸጥ ያለ ይመስላል። ጀልባዋ በዚያው ፍጥነት ዞራ ጎኗን ለነፋሱ ብትሰጥ ግን ቁጥሩ 26 ይደርሳል። ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሆነ፣ ሸራው በቅጽበት ከሦስት እጥፍ የበለጠ ኃይል ይሸከማል። ከዚህ የሚያድነው መሪው ነው፤ መሪ ደግሞ ሊከዳ ይችላል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. ከጣና ሐይቅ በተጫነ ደንገል፣ በቻድ ጀልባ ሠሪዎች እጅ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠርቶ ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሣ። ራ እንደ ጣና ታንኳ በዘንግ የምትገፋ ሳትሆን ሰፊ ባለ አራት ማዕዘን ሸራ የተሰቀለላት ነበረች። ገና ከጉዞው መጀመሪያ የተሰበሩት የመሪነት መቅዘፊያዎቿ ናቸው። በማግስቱ ዓመት «ራ 2» በ57 ቀን ባርቤዶስ ስለ ደረሰች፣ ደንገሉም ሸራውም ለጉዞው እንደሚበቁ ታይቷል።

ጃይብ የሚባለው ነፋሱን ከአንዱ የኋላ ጎን ወደ ሌላው የማሳለፍ ሥራ አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለጉዞ ጀልባ የሚስማማው አሠራር ረጅም ከረጢት መሰል ማቀፊያ ያለው ስፒናከር ነው። መሪ ያዡ ነፋሱን ወደ ኋላ ያደርጋል፤ ሌላው የሸራውን ገመድ እየለቀቀ ማቀፊያውን ከላይ ወደ ታች ይጎትታል፤ ሸራውም ተጠቅልሎ አቅም ያጣል። ከዚያ የዋናው ሸራ አግዳሚ ዘንግ በድንገት እንዳይወረወር ገመዱ ተስቦ ወደ መሐል ይመጣል፤ ጀልባዋ ከዞረች በኋላም በሌላው ጎን ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። የስፒናከሩ ገመድ ወደ አዲሱ ጎን ሲዛወር ማቀፊያው እንደገና ወደ ላይ ይሳባል። ገመድ በእጅ ላይ አይጠመጠምም፤ የታሰረውም ወዲያው የሚፈታ መሆን አለበት።

ተወዳዳሪዎች ሸራውን ሳያወርዱ ያዞራሉ፤ ታዲያ ጊዜ ማባከኑ ለምን? የሚል ይኖራል። እነርሱ ለየገመዱ የተመደበ ሰው አላቸው፤ የሚሽቀዳደሙትም ለሰከንድ ነው። ሳምንታት ለሚጓዝ ሰው ግን ጥቂት ደቂቃ ኪሳራ አይደለም፤ የተቀደደ ሸራ ወይም የተጎዳ እጅ ነው ኪሳራው። ማቀፊያው ራሱ ሊጣበቅ ይችላል የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ይህ እውነት ነው። ቢሆንም ገመዱ ከተለቀቀና ስፒናከሩ ከዋናው ሸራ ጀርባ ከተጋረደ ነፋሱ ስለሚቀንስለት፣ በእጅ ተሰብስቦ ሊወርድ ይችላል። ሞተር አለ፣ ይህ ሁሉ ለምን? ለሚልም፣ ነዳጅ ውቅያኖስ አያሻግርም፤ በለስላሳ ነፋስ ደግሞ ትንሹ የፊት ሸራ በዋናው ስለሚጋረድ ጀልባዋን እምብዛም አይስባትም። ስለዚህ ስፒናከር ይሰቀል፤ ነገር ግን ነፋሱ እየበረታ ሲሄድ ወይም ማውረጃው መንገድ አስቀድሞ ካልታሰበበት፣ በከረጢቱ ውስጥ ይቆይ።