አንድ መግለጫ፣ ሁለት ፍች
በጊዜ ገደብ ስለሚሠሩ ሶፍትዌሮች የሥራ መግለጫ

ቅኔ ሁለት ፍች ቢኖረው ባለቅኔው ይመሰገናል። አንድ ሶፍትዌር ምን እንዲሠራ የሚያዘው መግለጫ ግን ሁለት ፍች ቢገኝበት፣ ይልቁንም ሥራው በሴኮንድ የተወሰነ ከሆነ፣ የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አሻሚነት ከወዴት እንደሚመጣና በምን እንደሚወገድ ባጭሩ ማስረዳት ነው።

ለምሳሌ ያህል በሀይሌ ጋርመንት እግረኛው አዝራር ተጭኖ የሚሻገርበት መብራት ሊተከል ታሰበ እንበል። መግለጫውም «አዝራሩ ሲነካ ማሽኑ ይሰማል፤ ከ20 ሴኮንድ በኋላ ቀይ ያበራል» ይላል። «ይሰማል» ላልቶ ሲነበብ ማሽኑ ምልክቱን ይቀበላል ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ማሽኑ ራሱ ድምፅ ይሰጣል ማለት ይሆናል። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማይለይ ሁለቱም አነባበብ ያስኬዳል። እንዲሁም «ከ2 ሰዓት በኋላ ይጥፋ» ቢባል፣ 2 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው ወይስ ጧት 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ?

ከቃሉ ይልቅ የሚከብደው የጊዜው ጥያቄ ነው። 20ው ሴኮንድ የሚቈጠረው ከመጀመሪያው ንክኪ ነው ወይስ ከመጨረሻው? ከመጨረሻው ከሆነ፣ ማታ ከሥራ የሚመለሰው ሕዝብ አዝራሩን እየደጋገመ በነካው ቍጥር ቈጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ቀዩም መብራት ከቶ ላይበራ ይችላል።

«እንግዲያው ቃሉን ትተን በሥዕል እንግለጸው» የሚል ይኖራል። ዳዊድ ሃሬል የተባለው የእስራኤል ሊቅ የአይሮፕላን መሐንዲሶችን ሲረዳ ስቴትቻርት የሚባለውን የሥዕል አጻጻፍ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1987 በሰፊው አስታወቀ። ሥዕሉ እጅግ ተወደደ፤ ነገር ግን ሥዕሉ አንድ ሆኖ ሳለ ፍቹ በዛ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ አንድ ጥናት 20 ያህል የተለያዩ የስቴትቻርት ዓይነቶችን አነጻጽሯል። ከልዩነቶቹ አንዱ ይህ ነው፤ አንዱ ክፍል የላከውን ምልክት ሌላው ክፍል የሚሰማው በዚያው ቅጽበት ነው ወይስ በሚቀጥለው እርምጃ? ሥዕሉ ይህን አይናገርም። የሚናገረው ከሥዕሉ ጋር የሚሰጠው ጥብቅ የትርጓሜ ሕግ ነው።

የትርጓሜ ሕግ ማለት ለእያንዳንዱ ምልክት አንድና አንድ ብቻ የሆነ ሒሳባዊ ፍች መስጠት ነው። አሚር ፕኑኤሊ እ.ኤ.አ. በ1977 «ሁልጊዜ» እና «ውሎ አድሮ» የሚሉትን ሐሳቦች በሎጂክ ጽፎ ፕሮግራም የሚመረመርበትን መንገድ ከፈተ። አሉርና ዲል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጽሑፍ በማሽኑ ላይ ሰዓቶች ጨመሩ፤ እያንዳንዱ ሰዓት መቼ ወደ ዜሮ እንደሚመለስ በግልጽ ይጻፋል። የመብራታችን ጥያቄ በዚህ መልስ ያገኛል።

ነገሩ የክፍል ውስጥ ጨዋታ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነሥቶ 6 ደቂቃ ያህል እንደ በረረ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ቦይንግ 737 ማክስ በተባለው በዚህ አይሮፕላን ውስጥ ኤምካስ የሚሉት ሶፍትዌር ነበረ፤ የአንድ መለኪያ ቍጥር ብቻ አምኖ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይደፋ ነበር። የጅራቱን ክንፍ በአንድ ጊዜ ከ2.5 ዲግሪ በላይ አያዞርም ነበር። ዳሩ ግን አብራሪው በኤሌክትሪክ ቍልፉ ሲያቀና ቈጠራው ይታደስና፣ መለኪያው አሁንም ከፍተኛ ቍጥር ካሳየ፣ ከ5 ሴኮንድ በኋላ ሶፍትዌሩ እንደገና ይጀምር ነበር። እንግዲህ «ወሰኑ 2.5 ነው» የሚል ሰው ለአንድ ጊዜ ነው ወይስ ለጠቅላላው ብሎ መጠየቅ አለበት። የአደጋው ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉም ከአሻሚ ጽሑፍ የመጣ አይደለም። ሆኖም ከአደጋው በኋላ በተሻሻለው ሶፍትዌር ሁለቱ መለኪያዎች ይነጻጸራሉ፤ ለአንድ ክሥተትም አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ ተወስኗል።

ጥብቅ ትርጓሜ የተሳሳተውን ሐሳብ ትክክል አያደርገውም፤ ስሕተቱ ግን ሳይሸሸግ ገና በወረቀት ላይ ሳለ እንዲታይ ያደርገዋል። ስለዚህ መግለጫ የምንጽፍ ተማሪዎች ሦስት ጥያቄ እናስቀድም፤ ጊዜው ከመቼ ይቈጠራል? ሁለት ነገር በአንድ ቅጽበት ቢደርስ የቱ ይቀድማል? ወሰኑስ የአንድ ጊዜ ነው ወይስ የጠቅላላው? ለነዚህ መልስ የሌለው መግለጫ ገና አልተጻፈም ማለት ነው።