ዓይን ውስጥ ስለሚገባው ሌንስ

ከተማሪዎች በኩል ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «መነጽር ከማድረግ ዓይናችን ውስጥ ሌንስ ቢገባልን አይሻልም ወይ?» በእርግጥም ሌንስ በኦፕራሲዮን ዓይን ውስጥ ይገባል። ዋናው ነገር ለማንና መቼ የሚለው ነው።

ዓይናችን ከተፈጥሮው የራሱ ሌንስ አለው። ከብሌኑ ኋላ ተቀምጦ ብርሃኑን ሬቲና በሚባለው የዓይን ጀርባ ላይ ያሳርፋል። ይህ ሌንስ በዕድሜ ወይም በአደጋ ሲደፈርስ ሞራ ያዘው እንላለን። ሞራ በጠብታ አይጠራም። መድኃኒቱ የደፈረሰውን አውጥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ነው። ለአዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደነዝዘው ዓይኑ ብቻ ስለሆነ ሐኪሙ ሲያናግረው ይሰማል። ሌንሱ ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ ለንባብ ግን መነጽር ሊያስፈልግ ይችላል።

አጀማመሩ ይገርማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር አውሮፕላን መስኮት ሲሰበር የፕላስቲኩ ስባሪ አብራሪዎች ዓይን ውስጥ ገብቶ ይቀር ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ የለንደን ሐኪም ስባሪው ዓይንን እንደማያስቆጣ አስተዋለና እ.ኤ.አ. በ1949 ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ ለአንዲት ሕመምተኛ አስገባ። ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣ፣ በአውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ፍሬድ ሆሎውስ ስም የሌንስ ማምረቻ አሥመራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1994 ተከፍቷል። ሐኪሙ ራሱ ግን አላየውም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሞቷል። ሐሳቡ ውድ የነበረው ሌንስ እዚሁ ተሠርቶ በጥቂት ዶላር እንዲገኝ ነበር።

ሰሌዳው የማይታየው ተማሪስ? የእሱ ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው። የዓይኑ ኳስ ትንሽ ስለረዘመ ምስሉ ሬቲናው ላይ ሳይደርስ ያርፋል፤ ይህን መነጽር ያስተካክለዋል። የተፈጥሮውን ሌንስ ሳይነኩ ተጨማሪ ሌንስ ማስገባትም አለ። ነገር ግን እሱ በጣም ወፍራም መነጽር ለሚያደርጉ፣ ዕድሜያቸው 21 ላለፈና የዓይናቸው ቁጥር መለዋወጡን ላቆመ ሰዎች የሚሠራ፣ ውድ የሆነ፣ ሞራና የዓይን ግፊት ሊያስከትል የሚችል ነገር ነው። በዕድገት ላይ ያለ ልጅ ቁጥሩ በየጊዜው ይለወጣል። መነጽርን መቀየር ቀላል ነው፤ ዓይንን በየዓመቱ መክፈት ግን አይቻልም እኮ!

መምህራን፣ ሁለት ልጆችን ልብ በሉልን። አንደኛው ብሌኑ ውስጥ ነጣ ያለ ነገር የሚታይበት ነው፤ በልጅነቱ ቶሎ ካልታከመ አእምሮው ማየትን ሳይማር ይቀራል። ሁለተኛው አያቱን እየመራ ከክፍል የሚቀረው ልጅ ነው። አያትየው ሞራ ከሆነባቸው፣ ታክመው ራሳቸው ሲሄዱ ልጁም ወደ ክፍሉ ይመለሳል። «እስኪበስል ጠብቁ» የሚባለው የድሮ ነው፤ ዛሬ ሥራ መሥራት እስኪያቅት አይጠበቅም። መጀመሪያ ግን ምርመራ! ግላኮማ ያጠፋውን እይታ ሌንስ አይመልሰውም።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ዓይኑ ካመመ፣ ከቀላ ወይም እይታው ከቀነሰ የቀጠሮው ቀን አይጠበቅ፤ በዚያው ዕለት ወደ ክሊኒክ ይመለሱ።