የገዢው ጠባይና የስፖርት ጨዋታ ክብደት

ዓይንን የሚሸፍነው የምናባዊ እውነታ መነጽር በጨዋታ እያዋዛ የተጫዋቹን ሰውነት ያሠራል። በፕራግ ከተማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ የቀረበው «ቢት ሴበር» በሙዚቃ ምት የሚመጡ ሳጥኖችን በብርሃን ሰይፍ የሚያስቆርጥ ሲሆን፣ ከቀላል እስከ እጅግ ከባድ 5 ደረጃዎች አሉት፤ ተጫዋቹ ቢሳሳትም ዘፈኑን የማያቋርጥ ምርጫም አለው።

የሰው ጠባይ ግን ልዩ ልዩ ነው። ፉክክር የሚወደውን ሰው ቀላሉ ያሰለቸዋል፤ መሸነፍ የሚያስጨንቀውን ከባዱ ተስፋ ያስቆርጠዋል። ሁለቱም መነጽሩን ከጥግ ቢጥሉት ስሙ የሚጠፋው የዕቃውና የሻጩ ነው። ስለዚህም ተመራማሪዎች ጨዋታው ራሱ የተጫዋቹን ጠባይ ተመልክቶ ክብደቱን የሚያስተካክልበትን መንገድ በመሻት ላይ ናቸው።

እስከዚያው ድረስ ይህ ተግባር የሻጩ ነው። ከመሸጡ አስቀድሞ ገዢውን ጠይቆና ሁለት ደረጃ አስሞክሮ የሚሰጥ ነጋዴ ዕቃው አይመለስበትም፤ ደንበኛውም አይርቀውም።